ይድረስ ከጎኔ ክፍል ለምትተኛው ልጄ

ሚጡዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እኛ ደብዳቤ መጻፍ ስንማር አጀማመሩ እንዲህ ነበር፤ ባሕር ማዶ ላለውም፣ ወታደር ቤት ላለውም ያው ነው። በአንቺና በእኔ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሌሊት ስትስዪ ይሰማኛል። ናፍቆቱ ግን እውነት ነው። ከማክሰኞ ወዲህ «እሺ» እና «አልፈልግም» ከማለት በቀር ድምፅሽን አልሰማሁትም።

ይህን የምጽፍልሽ ኤርፖርት ቁጭ ብዬ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእረፍት ሰዓቴ። ቴክስት ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ቴክስት ላይ አንቺ በእንግሊዝኛ ትመልሺና እኔ እሸነፋለሁ። በአማርኛ ሲሆን ቢያንስ ሜዳው የእኔ ነው። ያልገባሽ ቃል ካለ ወንድምሽን ጠይቂው፤ እኔ አክስቱ ብሆንም ለአንቺ ወንድምሽ ነው። አባትሽን አትጠይቂ፤ እሱ ያልተጻፈውንም ጨምሮ ነው የሚተረጉምልሽ።

ነገሩ የማክሰኞው ነው። ከሥራ እንደወጣሁ፣ ቢጫ ሰደርያዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ጨብጬ ቢሮ ገባሁ። ዘንድሮ በምረቃው መድረክ ላይ ከጋዋንና ከኮፍያ በቀር የክብር ስቶል (ያ አንገት ላይ የሚደረገው ረጅም ጨርቅ)፣ ገመድ፣ ሜዳሊያ የሚባል ነገር አይደረግም፤ ማንም ተማሪ የተገለለ እንዳይመስለው ይላል ደብዳቤው። የለፋሽበት የናሽናል ኦነር ሶሳይቲ፣ የጎበዝ ተማሪዎቹ ማኅበር፣ የወርቅ ቀለም ስቶል ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ፎቶውን በልቤ ካነሳሁት ቆይቻለሁ። ሳሎን ውስጥ የት እንደሚሰቀል ሁሉ ወስኜ ነበር፤ ከእመቤታችን ሥዕል በታች፣ ከአባትሽ የወጣትነት ፎቶ በላይ።

ምክትል ርእሰ መምህርቷ ደግ ሴት ናቸው። ወንበር ሰጡኝ። አንቺ መሐል ቆመሽ ታስተረጉሚያለሽ። እኔ አምስት ዓረፍተ ነገር ስናገር አንቺ በአምስት ቃል ትጨርሺዋለሽ፤ ያን ጊዜ ነው የባሰብኝ። «የራሳቸው ልጅ ብትሆን ይደብቁት ነበር ወይ በያቸው» አልኩሽ። ዝም አልሽ። ስለዚህ በራሴ እንግሊዝኛ ተናገርኩት፤ ጮክ ብዬ። አንገትሽን ደፍተሽ የጫማሽን ክር ታዪ ጀመር።

መኪና ውስጥ የተናገርሽውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እማ፣ ወርቁን እኔ ራሴ አልፈልገውም። ወንድሜ ባዶ ጋዋን ለብሶ እኔ እንደ ገና ዛፍ ተሸልሜ ከጎኑ አልሰለፍም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ለዚህ ነው አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት የሠራሁት?» አልኩሽ። እናቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤ ከእኔ ይልቅ የደከመችው ደግሞ እሷ ናት። ለዚያች ቃል ይቅር በይኝ። የቀረውን ግን ላስረዳሽ፤ አንዳንዱ ላይ አሁንም ልክ ነኝ ብዬ አምናለሁና።

አያትሽ ይህን ታሪክ አትነግርሽም፤ እኔም ነግሬሽ አላውቅም። 1985 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ፤ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። በዚያን ጊዜ ጂፒኤ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ደረጃ ነው። ካርድሽ ላይ 1ኛ፣ 17ኛ፣ 43ኛ ተብሎ ይጻፋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ደረጃሽን ያውቃል፤ ጨው ልትገዢ ሱቅ ስትሄጂ ባለሱቁ «ስንተኛ ወጣሽ?» ይልሻል። ያን ዓመት አንደኛ ወጣሁ። በትምህርት መዝጊያው ዕለት ወላጆች ይጠራሉ፤ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት በማይክ እየተጠሩ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ አንደኛ ለወጣው አንድ ደርዘን ደብተርና መዝገበ ቃላት ይሰጠዋል። አያትሽ ያን ቀን ጠላ መሸጡን ትታ፣ ለዓመት በዓል ብቻ የምታወጣትን ነጠላ ለብሳ፣ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ሰኔ መጨረሻ ነበር። የደሴን ሰኔ አታውቂውም፤ ከጦሳ ተራራ ጉሙ ይወርድና ከተማውን ይሸፍነዋል፤ ልብስ ታጥቦ ለቀናት ጠብ ጠብ ይላል። ዩኒፎርሜ አንድ ብቻ ናት። እናቴ ለበዓሉ ይጸዳ ብላ ከትናንት በስቲያ አጠበችው፤ አልደረቀም። ስለዚህ የእህቴን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ከዩኒፎርሙ ይልቅ ያምር ነበር። ሰልፍ የሚያስተካክሉት መምህር አዩኝና «ዩኒፎርም ያልለበሰ መድረክ አይወጣም፤ ደንብ ነው» ብለው ከሰልፉ አወጡኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሌላው ቀን ጠመኔ አምጪ ብለው የሚልኩት እኔን ነበር። ሽልማቱ ሲጀመር የእኔ ስም ተዘለለና ከሁለተኛው ተጠራ። እናቴ አንገቷን አስግጋ በዓይኗ ትፈልገኛለች። እኔ ከሽንት ቤቱ ግንብ ጀርባ ቆሜ አያታለሁ።

ሽልማቱን በማግስቱ ቢሮ ጠርተው ሰጡኝ። እናቴ መዝገበ ቃላቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ አሸተተችው። ያን ማታ ዩኒፎርሙን ከምድጃው አጠገብ አድርቃ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ትምህርት ተዘግቷል፤ እስከ መስከረም የሚለብሰው የለም። ዝም ብላ ተኮሰችው።

እና እንግዲህ አንድ ሰው ፊቴ ተቀምጦ «ደንቡ ስለሆነ ይህን አድርጋ አትወጣም» ሲለኝ፣ የምሰማው የዚያን ሰው ድምፅ አይደለም።

ረቡዕ ሌሊት አብራኝ የምትሠራው ሜክሲኳዊት ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብላ እስከ ታች አነበበችና ጣቷን የመጨረሻው አንቀጽ ላይ አሳረፈች። ባህላዊ ወይም ሃይማኖታዊ ትርጉም ያለው ጌጥ ማድረግ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ ለቢሮው ያሳውቅ ይላል። እኔ እዚያ አልደረስኩም ነበር፤ ወርቁ ጋ ስደርስ ነው ደሜ የፈላው። «ይቺ አንቀጽ ዝም ብላ የመጣች አይደለችም» አለችኝና የፓራሹትን ልጅ ነገር አጫወተችኝ።

ፓራሹት እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ትንሽ ከተማ ነው። በ2023 (የዚህን አገር ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) እዚያ የምትማር አንዲት ልጅ፣ ቤተሰቦቿ ከሜክሲኮ የመጡ፣ ግማሹ የሜክሲኮ ግማሹ የአሜሪካ ባንዲራ የሆነ ስቶል አድርጌ ልመረቅ ብላ ጠየቀች። ይህን ከፈቀድን ነገ የሚያስቀይም ነገር ይዞ የሚመጣውን እንዴት እንመልሰዋለን ብለው ከለከሏት። ከፈለግሽ ኮፍያሽን አስጊጪ፣ ስቶሉን ደግሞ ከሥነ ሥርዓቱ በፊትና በኋላ አድርጊው አሏት። ፍርድ ቤት ሄደች። የፌዴራል ዳኛዋ ኒና ዋንግ ምረቃው ነገ ሊሆን ዛሬ ወሰኑ፤ የጠየቀችውን አስቸኳይ ትእዛዝ አልሰጧትም። የምረቃው መድረክ የትምህርት ቤቱ ነው፣ እዚያ ላይ የሚታየውም እንደ ትምህርት ቤቱ ንግግር ይቆጠራል፣ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሊገድበው ይችላል ነው ነገሩ።

ይህን ሳነብ የደሴው መምህር ካባ ለብሰው ዳኝነት የተቀመጡ መሰለኝ።

ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም። በዓመቱ፣ በ2024፣ የኮሎራዶ ምክር ቤት ተማሪ በምረቃው ቀን ባህላዊ ወይም ሃይማኖታዊ ትርጉም ያለው ጌጥ ከጋዋኑ ጋር እንዳያደርግ ትምህርት ቤቶች ሊከለክሉት አይችሉም የሚል ሕግ አወጣ፤ ገዢው ጃሬድ ፖሊስ ፈረሙበት። ልጅቷ ግን ቀድማ ተመርቃለች። ቅድም የነገርኩሽ አንቀጽ፣ እኔ ሳላነበው ቢሮ ገብቼ የጮህኩበት፣ ከዚህ የመጣ ነው።

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ሌላውንም ሳነብ አደርኩ። ይህን ትግል ከማንም በፊት የጀመሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። የንስር ላባ ለእነሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ነገር ለሠራ ሰው ታላላቆቹ የሚሰጡት ክብር ነው። አሪዞና ውስጥ በ2019 አንዲት ልጅ ላባውን ኮፍያዋ ላይ አድርጋ መጥታ በር ላይ ተመለሰች። ሌላ ተማሪ ግን በኮፍያው ላይ የጡት ካንሰርን የሚመለከት ምልክት አድርጎ ገብቷል ብላ ከሰሰች፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሷ ሊታይ ይገባል አለ። ለአንዱ የሚላላ ለሌላው የሚጠብቅ ደንብ ከሆነ ደንብ አይደለም ማለት ነው፤ እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ኦክላሆማ ውስጥ ደግሞ በ2023 ይህንኑ የሚፈቅድ ሕግ ገዢው አልፈርምም ቢሉ ምክር ቤቱ ውድቅ ማድረጋቸውን ሽሮ አጸደቀው። ካሊፎርኒያ በ2018 ነው ሕጉን ያወጣችው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ሳክራሜንቶ አጠገብ አንድ ጥቁር ተማሪ የጋናን ኬንቴ አንገቱ ላይ አድርጎ በምረቃው ቀን በጸጥታ ሰዎች ታጅቦ ከአዳራሽ ወጥቷል። ለአንድ ክንድ ጨርቅ!

አንቺ በታሪክ ክፍል የተማርሽውን የአይዋ ስቴትን ልጆችም አገኘኋቸው። በ1965 በቬትናም ለሚሞተው ሰው አዝነው ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ አንዷ የ13 ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ታገዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሰባት ለሁለት ለእነሱ ፈረደላቸው። ጥቁር ጨርቅ ማድረግ ለሐዘን መሆኑን የዚህ አገር ሰው ከእኛ የተማረው ይመስል ገረመኝ።

እኛማ በጨርቅ መናገርን ማን ያስተምረናል? ነጠላን አስቢው። አንድ ጨርቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መስቀለኛ ታጣፊዋለሽ። ትልቅ ሰው ፊት ስትቀርቢ ታደገድጊበታለሽ። ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትሽ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ያየሽ ሁሉ ሳትናገሪ ማን ሞተባት ይላል። ሸለመ የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ነገር ነው፤ አስጌጠም ነው፣ ዋጋውን ሰጠም ነው። ድሮ ጦር ሜዳ የዋለ ጀግና ለምድና ካባ ነበር የሚሸለመው፤ ሰው ሁሉ እንዲያይለት ትከሻው ላይ ይደረግለታል። የፈረንጅ ጋዋንም ከዚህ አይርቅም። ከጥንት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ነው፤ የአሜሪካ ኮሌጆች በ1895 ስፌቱን፣ የእጅጌውን ቅርጽ፣ የየትምህርቱን ቀለም ሳይቀር በደንብ ጽፈው ወሰኑት። ስለዚህ ጨርቅ ነው፣ ምን ያጣላል የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። ጨርቅማ ያጣላል። ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃላ።

አሁን ወደ ወርቁ ልምጣ።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ ተሳስቷል። ይህን ሳልል አላልፍም። እነሱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ቴክሳስ ፕላኖ ውስጥም በ2015 ይህንኑ ስቶል ሌላው እንዳይከፋው ብለው አስቀርተውት ወላጆች ተቆጥተዋል። ያልተሸለመው ልጅ እንዳያዝን የተሸለመውን ማራቆት ምን የሚሉት ደግነት ነው? ልጁ እንደሆነ ደረጃውን ከመስከረም ጀምሮ ያውቀዋል። ለኳስ ሲሆን አይደብቁትም። ዋንጫው በመስታወት ውስጥ በሩ ላይ ቆሟል፤ ተሸናፊው ቡድን እንዳይከፋው ብሎ በጨርቅ የሸፈነው አላየሁም።

ሁለተኛ ግን፤ ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ፤ የአንቺ ቁጣ ዘግይቶ ገባኝ። እኔ ወርቁን ከልክለውሽ የተናደድሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ የተናደድሽው ወርቁ ማንን እንደሚቆጥርና ማንን እንደሚዘል ነው።

ማኅበሩን የመሠረተው የርእሰ መምህራን ማኅበር ነው፤ በ1921። አራት ምሰሶ አለው፤ ትምህርት፣ አገልግሎት፣ አመራር፣ ጠባይ። ጥሩ ነው፤ አንዱንም አልቃወም። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ባንክ ድንች ስታሽጊ ሰዓትሽን ፈርመው ሰጡሽ፤ ደግ ሠርተሻል፤ እጅሽ እስኪላጥ እንደሠራሽም አይቻለሁ። ወንድምሽ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ሬስቶራንት ሳህን ሲያጥብ፣ ከዚያች ላይ ቆርጦ ለእናቱ ሲልክ የሚፈርምለት የለም። ወረቀቱ ላይ ያ «ሥራ» ነው፤ «አገልግሎት» አይባልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ትምህርቱን ያቋረጠባቸውን ወራትም የትኛው ምሰሶ ሥር እንደሚጽፏቸው አላውቅም። አባቱ ትራክ እየነዳ ከስቴት ስቴት ይዞራል፤ የእናቱ ወደዚህ የመምጫ ፕሮሰስ ገና ነው። ይህ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ በማያውቀው ቋንቋ አልጀብራ ወድቆ፣ ደግሞ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ከአንቺ ጋር እኩል ቀን ይመረቃል። ባዶ ጋዋን ለብሶ። እኔ አክስቱ ሆኜ ያንን ባዶነት አላየሁትም፤ ዓይኔ ወርቁ ላይ ነበራ። አንቺ አየሽው።

አንድ ነገር ላስታውስሽ ደግሞ። ኮሎራዶ በ2017 በሕግ ያቋቋመችው የሁለት ቋንቋ ማኅተም የሚባለው አለ፤ ዲፕሎማሽ ላይ የሚመታልሽ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ታውቃለች የሚለው። ያንን ፈተና እንዴት እንዳለፍሽ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ እሱ «እሱ አይደለም፣ ሣህን ስትዪ አፍሽን ክፈቺ» ይልሻል፤ አንቺ ደግሞ የእንግሊዝኛ ድርሰቱን በቀይ እስክሪብቶ ታቆስይበታለሽ። አንድ ሌሊት «ጸሎት» በየትኛው ጸ ነው ብላችሁ ስትከራከሩ አባትሽን ከእንቅልፍ ቀሰቀሳችሁት። ማኅተሙ ላይ ያለው ስም የአንቺ ብቻ ነው። እሱ እንግሊዝኛው ትንሽ ስለቀረው ዘንድሮ አላገኘውም። ቢሆንም ግማሹ የማን እንደሆነ እኛ ቤት ይታወቃል።

እና ዳኛዋ ኒና ዋንግ ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም አለ። በባንዲራው ላይ አልስማማም፤ ያ የልጅቷ ቃል ነበር። ወርቁ ላይ ግን ልክ ይመስሉኛል። ወርቁ ትምህርት ቤቱ ስለ አንቺ የሚናገረው ቃል ነው። ሲፈልግ ይናገረዋል፣ ሲፈልግ ይውጠዋል፣ የሚቆጥረውን ይቆጥራል፣ የሚዘለውን ይዘላል። እኔ ለሠላሳ ዓመት የምጠብቀው ያንን ቃል ነበር፤ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ስማችንን እንዲጠራው። አያትሽ ግን ትምህርት ቤት አልጠበቀችም።

በፋሲካ ሰሞን በሰው እጅ የላከችልን ካርቶን ትዝ ይልሻል? ሽሮውንና በርበሬውን አውጥቼ፣ ከታች በላስቲክ የተጠቀለለውን ጨርቅ ለአንቺ የተላከ ነው ብዬ ሳልፈታው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሐሙስ ጠዋት ፈታሁት። ሁለት ነው። አያትሽ የአክስትሽ ጎረቤት ልጅ ሜሪላንድ ስትመረቅ የተነሳችውን ፎቶ ለሸማኔው አሳይታ ነው ያሠራችው፤ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጥለት ያለው፤ አረንጓዴና ወርቃማ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከአንድ ድር የወጡ። ደወልኩላት። «እማዬ፣ ለምን ሁለት ሆነ?» አልኳት። «ሁለት ልጅ አይደለም እንዴ የሚመረቀው?» አለችኝ፤ እኔ የረሳሁት ይመስል። ስለ ወርቁ ለወራት ስነግራት ከርሜያለሁ፤ ምን ዓይነት ነው ብላ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ያኑ ቀን ቢሮ ተመልሼ ሄድኩ። አትደንግጪ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ሰደርያዬንም አውልቄያለሁ። ሁለቱንም ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው፤ ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ በእጅ ነው የተሠራው ወይ አሉኝ። በእጅ ነው አልኳቸው። ሁለት ስም አስመዘገብኩ። ስለ ማክሰኞውም ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ያለ አስተርጓሚ ስለሆነ ምን ያህል እንደገባቸው እንጃ፤ ብቻ እጄን ይዘው ቆዩ። ወርቁን አንድ ጊዜ አነሳሁት፤ ዘንድሮ አይሆንም አሉኝ። እሺ አልኩ። ለቦርዱ ግን ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አንቺ ነሽ በእንግሊዝኛ የምታስተካክዪልኝ፤ ያኔ አምስቱን ዓረፍተ ነገር በአምስት ቃል እንዳታሳጥሪብኝ። የሥራ ሰዓትም እንደ አገልግሎት ሰዓት ይቆጠር የሚል አንድ አንቀጽ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ከፈለግሽ እሱን አንቺ ጻፊው፤ ከእኔ ይልቅ ታውቂበታለሽ።

ወርቁን ከምረቃው በኋላ ደጅ ላይ ብታደርጊውና አንድ ፎቶ ባነሳሽ ደስ ይለኛል። እምቢ ብትዪ አልቆጣም። እቆጣለሁ፤ ግን አልናገርም።

ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ ደሴ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። አክስትሽ ስልኩን ይዛ ከአያትሽ ጋር ትቀመጣለች፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ። ስምንት ቲኬት ነው የሰጡን፤ ለእያንዳንዳችሁ አራት አራት። አጎቶችሽ በስምንቱ ላይ ተጣልተዋል፤ እሱን ለእኔ ተዪው። አባቱ ዓርብ ማታ ከኔብራስካ እደርሳለሁ ብሏል፤ ለወንድምሽ ግን አትንገሪው፣ ድንገት ይየው።

ጨርቆቹ አልጋሽ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ተተኩሰዋል። ጋዋኑ ስለሚያዳልጥ ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ መያዝ አለበት፤ የብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። የወንድምሽን አንቺ አያይዢለት፤ እሱ ጣቱን ይወጋል። መሐሉ አንገታችሁ ላይ ይሁን፤ ጥለቱ በሁለቱም በኩል ወደ ታች ይውረድ፤ አጣጥፋችሁ ወደ ላይ እንዳታደርጉት። አያትሽ በስልክ ስታየው ማን ሞተ ብላ ትጮሃለች።

እናትሽ